የወፌ ክፍል

የስም መጥሪያ ደብተሬ ሁለት ነገር ያውቃል፤
ለመጣ ልጅ ጭረት፣ ለቀረ «ቀ» ይላል።
ገላው ወንበር ይዞ
ልቡ ከደቻቱ ማዶ ለዘገየው፣
መጥቶ ላልደረሰው፣
ምልክት የለውም፤
በእርሳስ፣ ለራሴ፣ ነጥብ ነው የማኖረው።

ስምንት ነን ክፍሉ ውስጥ። ስምንተኛዋ እኔ ነኝ፣
ጠዋት ክኒኔን ውጬ ጠመኔ የያዝኩኝ።
ቤታችን ከዚራ ነው፣ ከኒሞቹ ጀርባ፣ የባቡር መጋዘን የነበረ፤
ቀትር ላይ ግድግዳው ዘይት ዘይት ይሸታል፣ ዛሬም ብሎን እንዳደረ።
የአራቱን ልጆች ስም አልናገርም፤ አልፈቀዱልኝም።
ሦስቱ «ጻፊን» ብለዋል፣
አንዷ በምልክት።

አንድ ማለዳ በሩ ላይ በከሰል ተጽፎ ጠበቀን፤
የዋናው ግቢ ልጆች «የወፈፌ ክፍል» ሊሉን
አስበው፣ ዘበኛው ሳይደርስ ተጣድፈው፣
አንዷን «ፈ» ዘለሏት፤
«የወፌ ክፍል» ሆኖ ቀረ ጽሑፋቸው።

ቀለምና ብሩሽ ይዤ ስመጣ ላጠፋው
ነቢል በሩን ጋረደው፤
ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ሦስት ደብተር የሚሞላው፣
በአራተኛው ቀን የጫማ ክር ማሰር ተራራ የሚሆንበት ልጅ ነው።
«ቲቸር፣ ተዪው» አለኝ፣ «ስድብም ማንበብና መጻፍ ይጠይቃል፤
እነሱ ወድቀዋል። የኛ በር አልፏል።»
ተውነው።

ኢፍቱ አትናገርም።
እናቷ፣ አሸዋ ገበያ ቲማቲም የምትቸረችር፣
ሼኩም ጋ፣ ቁልቢም ደርሳ፣ ሁሉም ጋ ከፍላ ብር፣
አንድ ቀን በፌስታል ሁለት ኪሎ አንጠልጥላ መጣች።
«ንግግር ታስተምሪያለሽ?» አለች።
«አላውቅም» አልኳት። «አብሬያት ዝም ማለት ግን እችላለሁ፤
ዓመት ቢፈጅም እቀመጣለሁ።»
ቲማቲሙን ትታልኝ ሄደች። ልጅቷንም።

ሮብሌ ማለት በሱማሊኛ ዝናብ ይዞ የመጣ ነው።
ዝናቡ ግን አንድ ሌሊት ቤታቸውን፣ ታናሽ እህቱን፣ ጠርጎ ሄደ።
ከዚያ ወዲህ ሰማዩ በደንገጎ በኩል ሲጠቁር
መኖሪያው ጠረጴዛ ሥር።

በሚያዝያ፣ ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣
ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠብ። ሁለት።
ድሬ ዝናብ ስታይ ሰርግ ናት፤
ባጃጁ ጥሩምባ፣ ሰዉ ደጅ፣ «ወሪያ! ና ውጣ!»
ሮብሌ ገባ።
የሠለጠንኩትን ሁሉ ሞከርኩ፣
«ትንፋሽህን ቁጠር» አልኩ፣
«የምታያቸውን አምስት ነገሮች ንገረኝ» አልኩ፤
ምኑን ይየው? ዓይኑን ጨፍኗል።

ያኔ ኢፍቱ ተነስታ ከጎኑ ገባች።
አልነካችውም። በጣቷ ወለሉን መታች፤
ጣሪያው ጠብ ሲል ጠብ፣ ጣሪያው ጠብ ሲል ጠብ፣
ቆይታ ቆይታ ከጣሪያው ቀድማ ጠብ፣
ዝናቡ እሷን እየሰማ የሚወርድ እስኪመስል።
ነቢል እንኳ ዝም አለ።
ሮብሌ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

በማግስቱ ቀረ። «ቀ» ጻፍኩ።
የትምህርት ቢሮው ሰውዬ ደብተሬን ገልጦ፣
«ይሄ ነጥብ ምንድነው? ደንቡ ላይ የለም» አለ፣ በመነጽሩ ላይ አሻቅቦ አፍጥጦ።
«መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው» አልኩት።
አልመዘገበውም።

ሰኞ ሮብሌ መጣ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፣
ጠረጴዛው ሥርም አልገባም፤
መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ደመና የሌለውን ሰማይ ሲመረምር ዋለ።
ነጥብ አኖርኩለት፤ ከነጥቡ ጎን ግን
እጄ ቀጭን ጭረት ጀምሮ ነበር፣ መሃል ላይ ተወው።

ስንወጣ በሩን ሳብኩት። ከከሰሉ ጽሑፍ ሥር፣
ልክ «ወፌ» ከምትለው ቃል በታች፣
በጠመኔ፣ በልጅ ቁመት፣ «ቆመች» ይላል።
የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቅኩም።
ቀረብ ብዬ አነበብኩት፤
የተዘለለ ፊደል የለም።